ያላየነውን ስናደንቅ

በአንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በደብረ ኤልያስ ከተማ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ አጠገባችን የነበሩ አራት ወጣቶች ስለ ፊልም ተዋንያን ብርቱ ክርክር ይዘው ነበር። የክርክራቸው ፍሬ ነገር፣ በቅርቡ ይወጣል ተብሎ ብዙ በተነገረለት ፊልም ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ሰው ከአገራችን ተዋንያን ሁሉ ይበልጣል ወይስ አይበልጥም የሚል ነበር። ሁለቱ ይበልጣል ሲሉ ማሉ፤ ሦስተኛው አይበልጥም ሲል በዚያው መጠን ተሟገተ። በዕድሜ ከሁሉ የሚያንሰው አራተኛው ግን ምን ትላለህ ተብሎ ቢጠየቅ «እኔ አላየሁትም» ብሎ መለሰ። ሌሎቹ ሣቁበት። ቆየት ብለን ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው ፊልሙን ያየ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም፤ ገና ለሕዝብ አልቀረበም ነበርና። ያዩት በስልክ የሚዘዋወረውን የሁለት ደቂቃ ማስታወቂያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ሻይ ቤት ከወጣን በኋላ አንድ ጥያቄ ከልቡናችን አልጠፋም። ትልልቅ የሲኒማ አዳራሾች ካሉባት ከአዲስ አበባ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን የምንኖር ሰዎች፣ ሥራውን ሳናይ አንድን ሰው ታላቅ ነው ብለን የምንምለው ከምን ተነሥተን ነው? ያንን አድናቆትስ በልባችን ያኖረው ማን ነው? አንዳንድ አንባብያን ይህ የወጣቶች ጨዋታ እንጂ ለምርምር የሚበቃ ነገር አይደለም ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ጥያቄው የፊልም ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ጥያቄ መስሎ ይታየናል። ሰውን ማወደስ ማለት ስለ እርሱ መመስከር ነውና።

በአገራችን የሽምግልና ሥርዓት ምስክር ሲቀርብ፣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል ተብሎ ይጠየቃል። የሰማ ሰው የሰማውን እንደ ሰማ ቢናገር ነውር የለበትም። የሰማውን እንዳየ አድርጎ ቢናገር ግን፣ የተናገረው ነገር በአጋጣሚ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ ምስክርነቱ ሐሰት ነው። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠውን ትእዛዝ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ሰውን በሐሰት መወንጀልን ብቻ እናነሣለን። በሐሰት ማወደስም ከዚያው ወገን መሆኑን እምብዛም አናስብም፤ የሚጎዳው ሰው ያለ አይመስለንምና። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የሚጎዳ ሰው መኖሩን ነው።

ውዳሴ በገንዘብ መገዛቱ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በሰርግም በጠላ ቤትም ገንዘብ የሰጠውን ሰው በስሙ እየጠራ ያሞግሳል። «ተቀበል» ባዩ የወደደውን ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ብሩ በአዝማሪው ግንባር ላይ ሲለጠፍ በዓይኑ ያያል። ስለሆነም ጀግና ተብሎ የተዘፈነለት ሰው ጀግና አለመሆኑን የሚያውቅ ጎረቤቱ ይሥቃል እንጂ አይታለልም። ክፍያው በአደባባይ ስለሆነ ውዳሴው ጨዋታ ነው፤ ጨዋታ መሆኑንም ሁሉም ያውቃል።

በሌላው ወገን ደግሞ የማይገዛ ውዳሴ አለ። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ስሟ የታወቀ ስፍራ ናት። የቅኔ ተማሪ ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቃል በቃል ይመረምረዋል፣ ያርመዋል፣ ካልተሳካም ይመልሰዋል። ተማሪው ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ፣ ደበሎ ለባሽ፣ የለመነውን ቁራሽ በልቶ የሚያድር ሊሆን ይችላል፤ ቅኔው ካማረ ግን «ይበል» ይባላል። «ይበል» የሚለው ሰው በጆሮው ሰምቶ፣ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ነው የሚናገረው። የተማሪው መልክም ሆነ የአባቱ ሀብት በዚያ ፍርድ ውስጥ ስፍራ የለውም።

እንግዲህ የፊልም ኩባንያዎች ለተዋንያን የሚያስነግሩት ውዳሴ ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ይመስላል? ሁለቱንም አይመስልም ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። እንደ አዝማሪው ውዳሴ የተገዛ ነው፤ ነገር ግን እንደ ቅኔው «ይበል» ከሰሚ ልብ የፈለቀ መስሎ ይቀርባል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ነጋዴ ሸቀጡን ቢያመሰግን ምን ኃጢአት አለበት? የማር ነጋዴ ማሬ ንጹሕ ነው ቢል ማን ይፈርድበታል? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ በማሩ ገበያ እንቆይ። የማር ነጋዴ ውዳሴ የማይጎዳን በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የሚናገረው ሻጩ ራሱ መሆኑን እናውቃለን። ሁለተኛ፣ ከማሩ በእንጨት ጫፍ ቀምሰን መፍረድ እንችላለን። ሦስተኛ፣ ትናንት የገዛው ጎረቤታችን እንዴት እንዳገኘው ለመጠየቅ ጊዜ አለን። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ንግድነቱ ይቀንሳል፤ ሦስቱም ሲጎድሉ ማታለል ይሆናል።

በመጀመሪያው እንጀምር። ሲኒማ በተጀመረባቸው ዓመታት በአሜሪካ የተዋንያን ስም ለሕዝብ አይገለጽም ነበር። ፍሎረንስ ሎረንስ የተባለችው ተዋናይ እጅግ የተወደደች ሆና ሳለ ሕዝቡ የሚያውቃት በኩባንያው ስም «የባዮግራፍ ልጅ» ተብላ ብቻ ነበር። በኋላ ካርል ሌምሊ የተባለው የፊልም አምራች ወደ ራሱ ኩባንያ ወሰዳት። በ1910 እ.ኤ.አ. ተዋናይቱ በከተማ ባቡር አደጋ ሞተች የሚል ወሬ ተሰማ። ቀጥሎም ሌምሊ፣ ጠላቶቻችን ያወሩት ውሸት ነው፣ እርሷ በሕይወት አለች፣ በሚቀጥለው ፊልማችንም ትታያለች የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ አወጣ። ሴንት ሉዊስ በተባለው ከተማ በአካል በቀረበች ጊዜም ብዙ ሕዝብ ሊያያት ወጣ። የሞቷን ወሬ ያስነዛው ራሱ ሌምሊ እንደ ነበረ የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በዘመናዊው ሲኒማ ከመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዷ የሆነችውን የዚህችን ሴት ስም ግን ለዓለም ያወጣው የሐሰት መርዶ ነበር።

ፍጻሜዋም ሊነገር ይገባል። ኩባንያዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌሎች ካዞሩ በኋላ ፍሎረንስ ሎረንስ ተረሳች። በ1938 እ.ኤ.አ. በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። መቃብሯም እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። በሐሰት የሚያወድሱት ሰው አይጎዳም የሚል ካለ ይህንን መቃብር ያስብ።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው ጥበብ በሌላ መልክ ታየ። የሶኒ ኩባንያ በሆነው በኮሎምቢያ ፒክቸርስ የፊልም ማስታወቂያዎች ላይ፣ በኮኔቲከት ግዛት ለሚታተም አንድ አነስተኛ ጋዜጣ ይጽፋል የተባለ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል ሐያሲ የሰጠው ምስጋና ይጠቀስ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒውስዊክ የተባለው መጽሔት ነገሩን ሲያጣራ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል ሐያሲ በዚያ ጋዜጣ ፈጽሞ አልነበረም። የኩባንያው የማስታወቂያ ክፍል የፈጠረው ስም ነበር። ተመልካቾች ከሰሱ፤ ኩባንያውም በ2005 እ.ኤ.አ. 1.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ለእያንዳንዱ የተታለለ ተመልካችም 5 ዶላር እንዲመለስለት ሆነ።

ይህ የሌለ ሰው ካወደሳቸው ተዋንያን መካከል በዚያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው ሂዝ ሌጀር ይገኝበታል። ሂዝ ሌጀር በእውነት የተዋጣለት ተዋናይ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ በቀጣዩ ዓመት የኦስካር ሽልማት ከመጨረሻ ሥራዎቹ ለአንዱ ተሰጥቶታል። ስለ እርሱ የተነገረው ነገር ኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የተነገረበት መንገድ ግን ሐሰት ነበር። ሐሰተኛው ምስክር ባይኖር ኖሮ ሥራው ራሱ ይመሰክርለት ነበር። ስለዚህ የሐሰት ውዳሴ ብቁ ያልሆነውን ሰው ከፍ በማድረግ ብቻ አይጎዳም፤ ብቁ የሆነውንም ሰው ምስጋናውን አጠራጣሪ ያደርግበታል።

ሁለተኛው ነገር መቅመስ መቻል ነው። የፊልም ማስታወቂያ የቅምሻ መልክ አለው፤ ሆኖም ከሁለት ሰዓት ሥራ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሲመረጥ የሚመረጠው ጥሩ ጥሩው ነው። ማኛውን ጤፍ በጆንያው አፍ ላይ አድርጎ ሰርገኛውን ከሥር የሚያደርግ ነጋዴ በገበያችን ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቃል። ቀድሞ በአሜሪካ ይህ በሲኒማ ቤት ባለቤቶችም ላይ ይደርስ ነበር። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ስመ ጥር ተዋናይ ያለበትን አንድ ፊልም የፈለገ ባለ ሲኒማ ቤት ሌሎች ያላያቸውን ብዙ ፊልሞች አብሮ እንዲወስድ ያስገድዱት ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሠራር በ1948 እ.ኤ.አ. ከለከለ። የኮከቡ ስም ለራሱ ፊልም ብቻ ሳይሆን ለገለባውም መሸጫ ሆኖ ማገልገሉን ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛው፣ የቀመሰ ሰው ላልቀመሰው የሚነግርበት ጊዜ ነው። ቀድሞ ብዙ ፊልሞች ከከተማ ወደ ከተማ ቀስ ብለው ይሄዱ ስለነበር የተመልካቹ ቃል ከፊልሙ ቀድሞ ይደርስ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ሰው በላ ስለሆነ ዓሣ የሚተርከው «ጆውስ» የተባለው ፊልም ብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ተነግሮለት በአንድ ቀን ከአራት መቶ በላይ በሆኑ ሲኒማ ቤቶች ታየ። ፊልሙ በእርግጥም ጥሩ ፊልም ስለነበረ ተመልካቹ አልተጎዳም። ነገር ግን ኩባንያዎቹ ከዚያ የተማሩት ትምህርት ለደካማ ፊልሞችም አገለገለ። ፊልሙን በአንድ ቀን በሺህ ስፍራ ካሳዩት፣ ያየው ሰው ላላየው «አትድከም» ብሎ ሳይነግረው ገንዘቡ ተሰብስቦ ያልቃል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ገቢ ከሁሉ በላይ የሚፈለገውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «ሰይጣን ቤት» ይባል እንደ ነበር አባቶቻችን ነግረውናል። ያ ትውልድ ፊልምን ከሚገባው በላይ ፈራ፤ የእኛ ትውልድ ደግሞ ከሚገባው በላይ ያምናል። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወጥ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ በተለይም በዲጂታል ካሜራ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ፣ የአማርኛ ፊልሞች በዝተዋል፤ ደስም ይለናል። ዳሩ ግን በየግድግዳው የሚለጠፈው የተዋናዩ ፊት እንጂ የታሪኩ ቁም ነገር አይደለም። ታሪኩ ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ እገሌ አለበት የሚል መልስ የምንሰማውም ስለዚህ ነው።

ያለ ታዋቂ ፊትና ያለ ትልቅ ኩባንያ ታላቅ ሥራ እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌ ግን አላጣንም። ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በ1974 እ.ኤ.አ. በአገራችን ሲቀርጹ የተጫወቱላቸው የትወና ሙያ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ፤ ፊልሙም በዓለም የሲኒማ ታሪክ ስሙ ይጠራል። ስለ ባሪያ ንግድ የሚተርከውን «ሳንኮፋ»ን በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልቀበልም አሏቸው። እርሳቸውም አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው ራሳቸው አሳዩት። ያየው ሰው ላላየው እየነገረ ሕዝቡ ወረፋ ይዞ ገባ። ኩባንያዎቹ የሚሸሹት ያ የጎረቤት ምስክርነት ለዚህ ፊልም ስንቅ ሆነው።

በጣም የሚያሳስበን ግን የ«ድፍረት» ነገር ነው። በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ፊልም፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች የአሥራ አራት ዓመት ልጅንና ጥብቅና የቆሙላትን የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች እውነተኛ ታሪክ መሠረት ያደረገ ነው። ከእነዚያ የሕግ ባለሙያዎች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አሜሪካዊቷ ተዋናይ አንጀሊና ጆሊ ለፊልሙ በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟን ሰጠችው። በፊልሙ ውስጥ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አትታይም፤ ሆኖም በውጭው ዓለም ብዙ የተወራለት በእርሷ ስም ነበር። እንዲህ በመሆኑ ብዙ ሰው ፊልሙን ለማየት በቃ፤ የጠለፋን ክፋትም ተረዳ። ይህን በጎ ነገር መካድ ሐሰት ይሆንብናል።

ይሁንና በነሐሴ ወር 2006 ዓ.ም. ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው በአዳራሹ ተቀምጦ ሳለ ምረቃው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የከሰሰችው ታሪኩ የደረሰባት ሴት ራሷ ነበረች። እገዳው ከጊዜ በኋላ ተነሣ። እኛ በክርክሩ ማን ትክክል እንደ ነበር ለመፍረድ አልተነሣንም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በፊልሙ ውስጥ የሌለችውን ሴት ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ መከራውን በሥጋዋ የተቀበለችው ግን ታሪኩ የኔ ነው ለማለት የፍርድ ቤት ደጅ መርገጥ አስፈለጋት። ከሚገባው በላይ የተከመረ ውዳሴ ከአንድ ሰው ላይ የተነሣ ነው ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው። ትኩረታችን የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ለማይገባው ስንሰጠው የሚገባውን እየነፈግን ነው።

ከዚህ የሚለይ ዝናም አይተናል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህችው ደብረ ኤልያስ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጭምር ያደረሰው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ተረከው። በሬዲዮ መልክ አይታይም፤ ልብስም ጌጥም አይታይም። ሰሚው የሚፈርደው በድምፁና በትረካው ብቻ ነው። ወጋየሁ ካረፈ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ትረካውን የሰማ ሰው ዛሬም በቃሉ ይመሰክርለታል፤ የሰማውን ነውና የሚመሰክረው። ዝና ሁሉ ከንቱ ነው የማንለውም ስለዚህ ነው። ሥራውን ተከትሎ የሚመጣ ዝና አለ፤ ሥራውን ቀድሞ የሚመጣም ዝና አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ የአዘጋጆችን ብቻ ሳይሆን የተመልካችንም ግዴታ አንሥቷል፤ ተመልካቹ አውቆና መርጦ እንዲያይ አሳስቧል። ጥፋቱ የኩባንያዎቹ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛ ከሩቅ ሆነን መውቀስ ይበቃን ነበር። ነገር ግን የተገዛው ውዳሴ ከእኛ አፍ ካልደረሰ ኃይል የለውም። «ተቀበል» ሲባል የምንቀበለው እኛ ነን፤ አዝማሪው እንኳ በክፍያ የሚያደርገውን እኛ በነጻ እናደርገዋለን።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከወጣቶች ጋር ስለ ፊልም ሲነጋገሩ ፊልም አትዩ ከማለት ይልቅ ሦስቱን የማር ገበያ ጥያቄዎች ቢያስተምሯቸው ይበጃል እንላለን። ይህን ምስጋና የሚናገረው ማን ነው? ከሥራው ራሴ ምን ያህል ቀምሻለሁ? ሙሉውን ያየ፣ የማምነው ሰው ምን አለ? ፊልሙ ታይቶ ሲያልቅም ከተዋናዩ መልክ አልፈው ታሪኩ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ደከመበት ይጠይቁ። በመጨረሻ የሚወርደውን የስም ዝርዝር እስኪያልቅ ተቀምጦ ማንበብ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለማይታዩት ሠራተኞች የሚገባቸውን ክብር መስጠት ግን ከዚያ ይጀምራል።

ስለዚያ ስለ ተሣቀበት ልጅ ደግመን አስበናል። ጓደኞቹ ሦስት ሆነው ብዙ ተናገሩ፤ አንዱም የሚያውቀውን አልተናገረም። እርሱ «እኔ አላየሁትም» አለ። በዚያች ሻይ ቤት በዚያን ቀን ስለዚያ ፊልም ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ምስክርነት ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ መልስ ስንሰማ ባንሥቅ፣ ብንችልም እኛው ቀድመን ብንለው መልካም ነው።